ከእናት ከአባት የሚወረስ የወባ መከላከያና ለሠፈራ ሥራ ያለው ትርጉም

በድርቅ ከተጎዱና መሬት ከጠበበባቸው ደጋማ ቦታዎች ተነሥተው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የአገራችን ቆላዎች የተዛወሩ ወገኖች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከገጠሟቸው ችግሮች መካከል ወባ ከፊተኞቹ አንዱ እንደ ነበረ በሠፈራ ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ መጪው በጎጆው ውስጥ በንዳድ ሲንቀጠቀጥ፣ የአገሩ ተወላጅ ደግሞ በዚያው ቀን ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቅ ይታያል። ሁለቱ የሚጠጡት ውሃ አንድ ነው፤ የሚነክሳቸውም ትንኝ አንድ ነው። ለዚህ ልዩነት ከሠራተኛውም ከሠፋሪውም አፍ የሚሰማው የተለመደ መልስ ‹‹እነሱ ለምደውታል›› የሚል ነው።

መልሱ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚያልፍ፣ በመድኃኒት አሰጣጥና በአጎበር ዕደላ ላይ ወደ ስሕተት ይመራል። አንደኛው ነገር በእርግጥም መልመድ ነው። በልጅነቱ ደጋግሞ ወባ የያዘውና ከሞት የተረፈ ሰው፣ ሰውነቱ በጊዜ ብዛት በሽታውን የመቋቋም ኃይል ያዳብራል። ይህ ኃይል ዋጋው ከባድ ነው፤ የሚገኘው በሕፃናት ሞት መካከል ታልፎ ነው። ከወባማው አካባቢ ርቆ ለዓመታት የኖረ ሰውም ቀስ በቀስ ያጣዋል። ሁለተኛው ነገር ግን ከመልመድ ጋር ግንኙነት የለውም። ሰው ገና ከመወለዱ በፊት ከእናቱና ከአባቱ በደሙ የሚቀበለው፣ ቢቀመጥም ቢሰደድም የማይለየው መከላከያ ነው። ከዚህ በታች የሚብራራው ይህ ሁለተኛው ነው።

ወባን የሚያመጡ ተውሳኮች ከአንድ በላይ ናቸው። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም፣ ሁለተኛው ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ይባላሉ። በኢትዮጵያ ከሚመዘገበው የወባ ሕመም ከግማሽ በላዩን የሚያመጣው ፋልሲፓረም ነው፤ የቀረው አብዛኛው የቫይቫክስ ነው። ፋልሲፓረም ቶሎ የሚገድል፣ ወደ አንጎል የሚወጣ፣ ነፍሰ ጡርንና ሕፃንን በቀናት ውስጥ የሚጥል ነው። ቫይቫክስ ከእርሱ ይለዝባል ቢባልም፣ ደጋግሞ እየተነሣ ደምን የሚያሟጥጥ፣ ገበሬውን በአጨዳ ወራት አልጋ ላይ የሚያስቀር፣ ልጅን ከትምህርትም ከምግብም የሚያስተጓጉል በሽታ ነው።

ወደ ምዕራብና ወደ መካከለኛው አፍሪካ የተሻገረ ሐኪም ግን ቫይቫክስን በብዙ ቦታ ፈልጎ አያገኘውም፤ ቢያገኝም ጥቂት ነው። ትንኙ አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ዝናቡም አለ፤ ፋልሲፓረም በገፍ ይገኛል። ቫይቫክስ ብቻ የጠፋበት ምክንያት ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቶ ነበር። መልሱ የተገኘው ከሰው ደም ውስጥ ነው።

በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ብዙ ጊዜ ደም የተሰጠው አንድ ሕመምተኛ በደሙ ውስጥ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ጠባይ ተገኘ። ይህም አዲስ የደም ዓይነት በሕመምተኛው ስም ‹‹ዳፊ›› ተባለ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው የደም ዓይነቶች ኤ፣ ቢ፣ ኤቢና ኦ ናቸው፤ ዳፊ ከእነዚህ የተለየ ሌላ ምድብ ነው። የዳፊ ምልክት በቀይ የደም ሴል ገጽ ላይ የሚቆም ፕሮቲን ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ግን በቀይ የደም ሴሉ ላይ አይገኝበትም። የሌላቸው ሰዎች ‹‹ዳፊ አልባ›› ይባላሉ። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ከሚኖሩ ሕዝቦች አብዛኞቹ ዳፊ አልባ ሆነው ተገኙ።

ሁለቱን ነገሮች ያገናኘው በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመው በአሜሪካ የተደረገ ምርምር ነው። በፈቃደኝነት ለቫይቫክስ ከተጋለጡ ሰዎች መካከል የዳፊ ምልክት የሌላቸው አምስቱ በሽታው ሳይዛቸው ቀረ፤ የተያዙት ሁሉ ምልክቱ ያላቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች ምክንያቱን አብራርተውታል። የቫይቫክስ ተውሳክ ወደ ቀይ የደም ሴል ለመግባት በመጀመሪያ በሴሉ ገጽ ላይ ያለውን የዳፊ ፕሮቲን አጥብቆ መያዝ አለበት። ለጎጆው ነገሩን በበር መዝጊያና በቁልፍ ብንመስለው፣ ተውሳኩ ቁልፉን ይዞ ይመጣል፤ ዳፊ አልባ በሆነ ሰው ደም ላይ ግን ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ፋልሲፓረም በሌሎች በሮች ስለሚገባ የዳፊ መኖርና አለመኖር አያስጨንቀውም። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የሠፈራ ሠራተኛ ልብ ሊለው ይገባል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ልዩነቱ በውርሱ ላይ የት እንደሚገኝ ታወቀ። የዳፊን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን መነሻ አካባቢ አንዲት ‹‹ፊደል›› ብቻ ተለውጣለች። በዚህች ለውጥ ምክንያት ፕሮቲኑ በሌሎች የሰውነት ክፍሎች መሠራቱን ሲቀጥል፣ በቀይ የደም ሴል ላይ ብቻ ይቀራል። ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ጂን ይወርሳል። ከሁለቱም ወገን የተለወጠውን የወረሰ ሰው ዳፊ አልባ ይሆናል። ከአንዱ ወገን ብቻ የወረሰ ግን ምልክቱ በደሙ ላይ ይኖራል፤ መጠኑ ብቻ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ዳፊ አልባ የሆነች የአገሩ ተወላጅና ሁለቱም ጂኖቹ ያልተለወጡ ሠፋሪ ቢጋቡ፣ ልጆቻቸው ሁሉ አንድ አንድ የተለወጠ ጂን ይይዛሉ እንጂ የእናታቸውን ሙሉ መከላከያ አያገኙም። ከልጆቹ አንዱ ከመሰሉ ጋር ቢጋባ ደግሞ ከሚወለዱት በአማካይ ከአራት አንዱ ዳፊ አልባ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ምሳሌ በዚህ ጥናት ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። ምክንያቱም በአንድ አገር ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ወረዳ ውስጥ፣ የዳፊ ምልክት ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በ1978 እና በ1981 እ.ኤ.አ. የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ ሁለተኛው በማቲውስና በአርምስትሮንግ የተዘጋጀ፣ ይህንኑ በአገራችን መርምረዋል። በምዕራቡ ጠረፍ የናይሎቲክ ቋንቋ ከሚናገሩ የቆላ ሕዝቦች አብዛኞቹ ዳፊ አልባ ሲሆኑ፣ ቫይቫክስ በእነርሱ ዘንድ እምብዛም አልተገኘም። ከደጋው በኩል በመጡ ወገኖች ግን የዳፊ ምልክት በብዛት ተገኝቷል፤ ቫይቫክስም እንዲሁ። አካባቢው አንድ፣ ትንኙም አንድ ሆኖ ውጤቱ በውርስ ተለየ ማለት ነው።

ይህ ከታተመ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኀብ የጀመረው ታላቅ የሠፈራ ዘመቻ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አንቀሳቀሰ። ከዚህ ሕዝብ ብዙው ከወባ መስመር በላይ ከሚገኝ ደጋ የወረደ፣ ያላመደ፣ በደሙም የቫይቫክስን በር ክፍት አድርጎ የያዘ ነበር። በረኀብ የደከመ ሰውነት፣ ገና ክዳኑ ያላለቀ ጎጆና የቆላ ክረምት አንድ ላይ ሲገናኙ የደረሰውን ጉዳት በዚያ ጊዜ በሥፍራው የነበሩ ሁሉ ያስታውሱታል። ዛሬ ሲታይ የሚቆጨው፣ በሠፈራ ጣቢያ በር ላይ አንድ ማይክሮስኮፕና አንድ የሠለጠነ ላቦራቶሪ ሠራተኛ የቱን ያህል ነፍስ ሊያድኑ ይችሉ እንደ ነበር ነው።

የደጋው ሰው ለምን ሳይታጠቅ ወደ ቆላው ወረደ የሚለው ጥያቄም ከታሪክ ጋር የተያያዘ መልስ አለው። የወባ መተላለፊያ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ነው። የደጋ ገበሬ አያት ቅድመ አያቶቹ ከዚህ መስመር በላይ ሠፍረው፣ ቆላውን ቀን ቀን አርሰው ማታ ወደ ሸንተረሩ ሲመለሱ ኖረዋል። ይህ ራሱን የቻለ የመከላከያ ዘዴ ነበር፤ ነገር ግን በደም ውስጥ የሚቀር መከላከያ አላስፈለገውም። ወባ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሕፃናትን እያጨደ ባለፈበት ቦታ ግን፣ እንደ ዳፊ አልባነት ያለ ውርስ የያዙት ልጆች ተርፈው ወለዱ፤ ውርሱም እየበዛ ሄደ። በተቃራኒው፣ የአየሩ ጠባይ ሲለወጥና ወባ ወደ ላይ ሲወጣ የደጋው ሕዝብ ያለ ጋሻ ይቀራል። በ1958 እ.ኤ.አ. በደጋና በወይና ደጋ የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150 ሺህ የሚያህል ሕዝብ እንደ ፈጀ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመው ይህን እልቂት ተከትሎ ነው።

ከፋ በዚህ ነገር መካከል ላይ የቆመ አገር ነው። ቦንጋ ከተማ በቡና ጫካዎች መካከል በወይና ደጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ መሬቱ በሰሜን ወደ ጎጀብ ሸለቆ፣ በደቡብና በምሥራቅ ወደ ኦሞ ተፋሰስ እየወረደ በአጭር ርቀት አየሩ ይለወጣል። በዴቻ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በክልሉ ውስጥ መሬት ከጠበበባቸው አካባቢዎች የመጡ ሠፋሪዎች ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ይህም 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ ለማዛወር የታቀደው የዚያ ዘመን የሠፈራ ፕሮግራም አካል ነበር። በዚያው በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. አገሪቱን ብርቱ የወባ ወረርሽኝ መትቷት እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ ከቦንጋ እስከ ደካና እስከ ኦሞ ዳር ባለው አገር የሚሠራ የጤና ሠራተኛ በአንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ የደጋውን ልጅ፣ የወይና ደጋውን ቡና ለቃሚና የቆላውን አርብቶ አደር አንድ ላይ ያገኛል። የማን ደም በሩ ክፍት፣ የማን ዝግ እንደ ሆነ ከመልኩም ከቋንቋውም አይነበብም። ሕዝብ በጋብቻና በንግድ ለዘመናት ተቀላቅሏል። አንድ ቤት የሚኖሩ ወንድማማቾች እንኳ በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። በጥናት የሚነገረው ስለ ብዙኃኑ ነው፤ ስለ አንዱ ሰው የሚናገረው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ትተነው ወደ መጣነው ዓረፍተ ነገር እንመለስ። ዳፊ አልባነት ፋልሲፓረምን አይከላከልም። በአንዳንድ ቦታ ‹‹የአገሩ ሰው ስለማይታመም አጎበሩ ለሠፋሪው ይሁን›› የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ይሰማል። ይህ ሐሳብ የተቀባዩን ሕዝብ ሕፃናት ለፋልሲፓረም አሳልፎ መስጠት ነው። የአዋቂው አለመታመም ከልጅነቱ ጀምሮ በተደጋጋሚ ሕመም የመጣ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጁ ያ ልማድ ገና የለውም። ከዚህም በላይ ልማዱ ያለው አዋቂ ሳይታመም ተውሳኩን በደሙ ይዞ ሊዞር ስለሚችል፣ ያለ አጎበር የሚያድረው የአገሩ ሰው ለሠፋሪውም የበሽታ ምንጭ ይሆናል። አጎበር የሚታደለው ለቀበሌው ሁሉ ነው፤ ለሠፋሪው ብቻ ከሆነ ለሠፋሪውም አልታደለም ማለት ይቻላል።

ፋልሲፓረምን በተመለከተ ሌሎች የደም ውርሶች አሉ። ከሁሉ የታወቀው ቀይ የደም ሴልን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠው ውርስ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. አሊሰን የተባለ ሐኪም በምሥራቅ አፍሪካ ባደረገው ጥናት፣ ይህን ውርስ ከአንድ ወገን ብቻ የወሰዱ ልጆች ከከባድ ወባ በእጅጉ እንደሚጠበቁ አሳየ። ከሁለቱም ወገን የወሰደው ልጅ ግን በጽኑ የደም ሕመም ይሠቃያል። ይህ ውርስ በኢትዮጵያ ደጋ ሕዝብ ዘንድ እምብዛም አይገኝም፤ ስለዚህ ደገኛው የዚህም ጋሻ ተካፋይ አይደለም፤ ከሕመሙም ተርፏል። የዳፊ አልባነት ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ዳፊ አልባ ሰዎች ጤነኞች ሆነው ሳለ የአንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴላቸው ቁጥር ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ይህን የማያውቅ ክሊኒክ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ አድርጎ እንዳይመዘግብ ብቻ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስለ ደምና ስለ ቆላ ሲነሣ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሌላ ነገርም አለ። በጎጀብና በኦሞ ሸለቆዎች ቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የሠፋሪውን በሬ ሲገድል፣ በዚያው ዝንብ የተነከሰው ባለ በሬ ግን ምንም አይሆንም። ሠፋሪዎች ይህን እንደ ዕድል ይቆጥሩታል። እውነቱ ግን በሰው ሁሉ ደም ውስጥ የገንዲን ተውሳክ የሚያፈነዳ በውርስ የሚገኝ ፕሮቲን መኖሩ ነው፤ ከብት ይህ የለውም። ይህን ፕሮቲን መቋቋም የቻሉ ጥቂት የተውሳኩ ዝርያዎች ናቸው በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጡት። በአገራችን ይህ በሽታ በጋምቤላ በጊሎ ወንዝ አካባቢ በ1967 እ.ኤ.አ. ታይቶ እንደ ነበር ይታወቃል። በምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ደግሞ የዚሁ ፕሮቲን የተለወጡ ዓይነቶች በዝተዋል፤ ተውሳኩን የበለጠ ይቋቋማሉ፤ ከሁለቱም ወላጅ ሲወረሱ ግን ለኩላሊት ሕመም ያጋልጣሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ ጥናት እነዚህን የተለወጡ ዓይነቶች አላገኘም። እንደ ማጭድ ሴሉ ሁሉ፣ እዚህም ጋሻው የራሱ ዋጋ አለው።

የዳፊ ጋሻም ቢሆን እንደ ግንብ የጸና እንዳልሆነ ባለፉት ዓመታት ታውቋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ከማዳጋስካር የወጣ ጥናት ዳፊ አልባ የሆኑ ሰዎች በቫይቫክስ ታመው መገኘታቸውን አመለከተ። በኢትዮጵያም በ2013 እና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተሙ ጥናቶች ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ትርጉሙ ግን ጥቂት አይደለም። ምልክቱ ያላቸውና የሌላቸው ሕዝቦች በሚቀላቀሉበት ቦታ ተውሳኩ ምልክት ካለው ሰው ወደ ሌለው ሰው በትንኝ በኩል ያለ ማቋረጥ ይሞክራል፤ በሺህ ሙከራ አንዱ ሊሳካ ይችላል። ሠፈራ ደግሞ ከምንም በላይ የሕዝብ መቀላቀል ነው። በዳፊ አልባ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ተውሳክ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ሊያመልጥ ይችላል። ‹‹ይህ ሰው ቫይቫክስ አይዘውም›› ብሎ ምርመራውን ያሳጠረ ባለሙያ ደግሞ በእርግጥም አያገኘውም።

ከሁሉ ይልቅ ለሠፈራ አስተዳደር አስቸጋሪ የሚሆነው የቫይቫክስ መተኛት ነው። ፋልሲፓረም ከደም ከጠፋ ጠፋ። ቫይቫክስ ግን ከፊሉ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ አዲስ ንክሻ ሳያስፈልገው ይነሣል። በኅዳር በቆላ የታመመ ሠፋሪ ክሎሮኪን ወስዶ ይድናል፤ ለፋሲካ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ደጋ ወጥቶ እዚያ ይታመማል። በአገሩ ያለው ጤና ጣቢያ ወባ ስለማይጠብቅ ሕመሙን ከሌላ ይቆጥረዋል። ቫይቫክስ ፋልሲፓረም በማይችለው ቀዝቀዝ ያለ አየርም ጭምር በትንኝ ውስጥ ማደግ ስለሚችል፣ የወይና ደጋ ጎረቤቶቹን ሊያስይዝ ይችላል። ሠፋሪው በሁለት ቦታ መካከል መመላለሱ የማይቀር ነው፤ የትም አገር የተዛወረ ሕዝብ የመቃብሩንና የእርሻውን ቦታ ለጥቂት ዓመታት ይመላለስበታል። በሠፈራ መዝገብ ላይ የሰውዬው የመጣበት ወረዳና ቀደም ሲል የያዘው ንዳድ ቢጻፍ፣ ይህ ጽሑፍ ከሪፖርት ቁጥር ማሟያነት አልፎ ለሐኪሙ የሚጠቅም ይሆናል።

በጉበት የተኛውን ተውሳክ የሚነቅለው በሰፊው የሚታወቀው መድኃኒት ፕሪማኪን ነው። ለ14 ቀን በየቀኑ ይወሰዳል። ለነፍሰ ጡርና ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። እዚህ ላይ ሌላ የደም ውርስ ከመከላከያነት ወደ አደጋነት ይለወጣል። ጂ6ፒዲ የሚባለውን ኢንዛይም በደማቸው ያነሰባቸው ሰዎች አሉ። ይህም ማነስ እንደ ሌሎቹ በወባማ አገሮች የበዛ፣ ከወባ እንደሚከላከልም የሚታመንበት ውርስ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች አንዳንድ ሰው ባቄላ በልቶ ደሙ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባቄላን ጠዋት ማታ በሽሮ የሚመገበው ደገኛ ይህን ቢሰማ የሚያምን አይመስልም። ፕሪማኪንም ኢንዛይሙ ባነሰበት ሰው ላይ ይህንኑ ያደርጋል፤ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ካልታወቀለት ሊሞት ይችላል። ውርሱ የተያያዘው ከጾታ ጋር ስለሆነ በወንዶች ላይ ይበዛል። በአገራችን በደጋው ሕዝብ ላይ አነስተኛ ሲሆን በጋምቤላ ተወላጆች ላይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

እንግዲህ ነገሩን ስናጣምረው እንዲህ ይሆናል። ፕሪማኪን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለሠፋሪው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይስማማዋል። ለአገሩ ተወላጅ የሚያስፈልግበት ጊዜ ያነሰ ነው፤ ሊጎዳው የሚችልበት ዕድል ግን የበለጠ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ‹‹ሠፋሪ ከሆነ ስጥ፣ ተወላጅ ከሆነ ከልክል›› የሚል መመሪያ ማውጣት ይቀላል፤ ግን አይገባም። ከሠፋሪው መካከል ኢንዛይሙ ያነሰበት አንድ ሰው ቢኖር መመሪያው ይገድለዋል፤ ከተወላጁ መካከል የቫይቫክስ በር ክፍት የሆነበት ብዙ ሰው ሊኖር ይችላልና እርሱን ደግሞ ያለ መድኃኒት ያስቀረዋል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የጂ6ፒዲን መጠን በደቂቃዎች የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ኢንዛይሙ ያነሰበት ሰው ፕሪማኪንን በሳምንት አንድ ጊዜ ለስምንት ሳምንት በሐኪም ክትትል የሚወስድበት ዘዴም አለ። መሣሪያው እስኪደርስ ድረስ ሽንቱ የጠቆረበት ሰው መድኃኒቱን ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመጣ ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ፣ በከፊኛም ሆነ በሌላ፣ መንገር የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።

በከፋ ስለ ደም መናገር ሌላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአማርኛችን ደም ማለት ዘር ማለትም ነው። በአካባቢው እንደ ማንጆ ያሉ ወገኖች በትውልዳቸው ምክንያት ከማዕድና ከጋብቻ ሲገለሉ የኖሩበት ታሪክ ያልተረሳ ነው። የጤና ሠራተኛ በስብሰባ ላይ ‹‹የእነዚህ ደም ከእነዚያ ይለያል›› ብሎ ቢናገር፣ ያ ቃል በማግስቱ ሌላ ትርጉም ይዞ ሊዞር ይችላል። የዳፊ ውርስ ማንንም ከማንም አያስበልጥም፤ የአያቶች መኖሪያ ከፍታና የወባ ብዛት የተወው አሻራ ነው። ለሥራ ክፍፍልም መለኪያ አይሆንም። ‹‹ወባ የማይዛቸውን ወደ ረግረጉ እንላክ›› የሚል ሐሳብ በሌሎች አገሮች በቅኝ ግዛት ዘመን የእርሻና የመንገድ ሥራ ላይ ታይቶ ያስከተለው ጉዳት በሚገባ ታውቋል።

ለጣቢያ መሪዎች የሚቀረው ከደም ይልቅ ከካርታና ከቀን መቁጠሪያ ጋር የተያያዘ ነው። በአብዛኛው አገራችን ክረምቱ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። አዲስ ሠፋሪን በእነዚህ ወራት ማውረድ በሁለቱም ተውሳኮች አፍ ላይ መጣል ነው። ጎጆ የሚሠራበት ቦታ ከረግረግና ከወንዝ ዳር ራቅ ብሎ ከፍ ባለ ሸንተረር ላይ ሲሆን፣ የጥንቱ ደገኛ ያወቀው ዘዴ በሠፈራው ውስጥ ይቀጥላል። ጤና ኬላው ሰው ከመምጣቱ በፊት ቢቆም፣ የሁለቱንም ተውሳኮች የሚለይ ፈጣን መመርመሪያ ቢያዝ፣ አጎበሩም በመጀመሪያው ሌሊት ከጎጆው ጋር ቢሰቀል፣ ደገኛው ከአያቶቹ ያላገኘው መከላከያ በከፊል ይተካል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። ከእነዚህ መካከል ቫይቫክስ ተብለው በተመዘገቡት ላይ ሁሉ ፕሪማኪን ከነምርመራው መድረሱን የየወረዳው መዝገብ ቢያሳይ፣ በሚቀጥለው ክረምት በንዳድ የሚወድቀው ሠፋሪ ቁጥር ከዚህ መዝገብ አስቀድሞ ሊገመት ይችላል።